ሚዛኑን የት አስቀምጣችሁ ነው የተመዘናችሁት?

አባቴ የልብ ድካም ካገኛቸው ወዲህ በየማለዳው ክብደታቸውን በደብተር የምመዘግበው እኔ ነኝ። የሐኪማቸው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውኃ እየተጠራቀመባቸው ሊሆን ይችላልና ሳትውዪ ሳታድሪ ደውይልኝ። ሚዛኑ የት መቀመጥ እንዳለበት ግን አልተነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሰኞ 69.5፣ ማክሰኞ 70.6 ነበሩ። ረቡዕ ጠዋት እስከ መታጠቢያ ቤት መራመድ ከበዳቸውና ሚዛኑን አምጥቼ አልጋቸው አጠገብ፣ ወፍራሙ ምንጣፍ ላይ አኖርሁላቸው። 68.9! መድኃኒቱ ሠራ ብለን ደስ አለን። ካልሲያቸውን ሳወልቅ ግን ላስቲኩ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሰርጉዶ ጥሎት የሄደው መስመር ነበር፤ በአውራ ጣቴ ብጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላ አለ። እብጠቱ እንዳለ ነው። ደግፌ መታጠቢያ ቤት ወሰድኋቸውና ሚዛኑን ሴራሚኩ ላይ መልሼ መዘንኋቸው፦ 71.7። ወዲያው ደወልሁ፤ ሐኪማቸው የሚያሸናውን መድኃኒት መጠን በዚያው ዕለት ለወጡት። ምንጣፉን አምኜ ቢሆን ኖሮ አልደውልም ነበር።

ሰውነታችን ምንጣፍ ላይም ሆነ ሲሚንቶ ላይ ያው ነው። የሚለየው ክብደታችን በምን በኩል አልፎ ወለሉ ላይ እንደሚያርፍ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሚዛናችሁን ገልብጣችሁ እዩት። አብዛኛዎቹ አራት ትንንሽ እግሮች አሏቸው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ጫና ሲያርፍበት ዓይን የማያየውን ያህል የሚጎብጥ ብረት አለ። ቁጥሩ የሚወጣው በእነዚያ አራት እግሮች በኩል ካለፈው ጫና ድምር ነው። ወፍራም ምንጣፍ ላይ እግሮቹ ይሰምጡና የሚዛኑ ሆድ ምንጣፉ ላይ ይተኛል። ከክብደታችን ከፊሉ በሆዱ በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ አይቆጠርም።

በመርፌ የሚያሳየው የድሮው ሚዛን ግን ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል። ጠንካራ ወለል ላይ ስንቆምበት የታችኛው ቆርቆሮ በትንሹ ይጎብጣል፤ ሚዛኑም የተስተካከለው ያንን ታሳቢ አድርጎ ነው። ወፍራም ምንጣፍ ከሥር ሲደግፈው አይጎብጥም፤ የውስጡ ማንሻዎች ርቀት ይለወጥና መርፌው አብዝቶ ያሳያል። ስለዚህ «ምንጣፍ ይህን ያህል ይቀንሳል» ብላችሁ በግምት አትደምሩ፣ አትቀንሱ። ቦታውን አስተካክሉ።

ጠንካራ፣ ደረቅና ጠፍጣፋ ወለል ምረጡ። ሴራሚክ ከሆነ አንዱም እግር በሁለት ሴራሚኮች መጋጠሚያ ላይ እንዳያርፍ አድርጉ። አራቱንም ማዕዘን በየተራ በጣታችሁ ተጫኑ፤ ከተንገዳገደ ቦታውን ቀይሩ። የመታጠቢያ ቤት ወለል ውኃ እንዲወርድ ተዳፋት ተደርጎ ስለሚሠራ ውኃ ልክ ካላችሁ ጣል አድርጉበት። ይሁንና ተዳፋቱ የሚፈራውን ያህል አይጎዳም፦ 5 ዲግሪ ያዘመመ ወለል 70 ኪሎን ወደ 69.7 ያወርዳል፤ ያን ያህል ያዘመመ ወለል ደግሞ ገና ስትቆሙበት ይታወቃችኋል።

ከምንጣፍ በቀር ቦታ ከሌለ፣ እኔ እንዳደረግሁት ከሚዛኑ ሰፋ ያለና የማይጎብጥ ጣውላ ከሥሩ አድርጉ። ቀጭን ኮምፔንሳቶ አይሆንም፤ መሐሉ ይሰረጉዳል።

ሚዛኑን ካንቀሳቀሳችሁት የመጀመሪያውን ቁጥር አትመዝግቡ። አንድ ጊዜ ረግጣችሁት ውረዱ፣ ጠፍቶ ወይም 0.0 ላይ ተመልሶ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ውጡበት። ሦስት ጊዜ ተመዘኑ፤ ቁጥሮቹ ከ200 ግራም በላይ ከተራራቁ ቦታው አልሆነም ማለት ነው። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ባዶ ጀሪካን ይዛችሁ ተመዘኑ፤ ከዚያ በአንድ ሊትር ጠርሙስ እየለካችሁ 10 ሊትር ውኃ ሙሉበትና እንደገና ተመዘኑ። ልዩነቱ 10 ኪሎ ካልሆነ ወይ ቦታውን ወይ ሚዛኑን ጠርጥሩ።

አቅም ያነሰውን ሰው ስትመዝኑ ደግሞ እጁን ልብ በሉ። አባቴ ግድግዳውን በሁለት ጣት እንኳ ሲነኩ ቁጥሩ ይወርዳል። እስኪረጉ ክንዴን ይይዛሉ፣ ከዚያ ይለቁኛል፤ እኔ እጆቼን ሳላስነካ ከኋላቸው ዘርግቼ እቆማለሁ። ሰዓቱም ያው ይሁን፦ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በዚያው ዓይነት ልብስ። ግማሽ ሊትር ውኃ የጠጣ ሰው ግማሽ ኪሎ ጨምሯል።

የቆምንበት ቦታ ክብደታችንን ከእውነት የሚለውጥበት ሁኔታም አለ። የመሬት ስበት ከምድር ወገብ ይልቅ በዋልታዎቹ ዘንድ በ0.5 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ በምድር ወገብ የተስተካከለ ሚዛን ዋልታው ላይ 70 ኪሎውን ሰው 350 ግራም ያህል አብዝቶ ያሳየዋል። ሽቅብ መውጣት የጀመረ ሊፍት ውስጥም ቁጥሩ ለቅጽበት ከፍ ይላል። አንድ ቤት ውስጥ ለሚመዘን ሰው ግን ሁለቱም አያሳስቡትም።

አሁን ጣውላው አልጋቸው አጠገብ፣ ሚዛኑ ከላዩ ነው። አራቱ እግሮች የሚያርፉበትን በእስክሪብቶ ከብቤዋለሁ፤ ለማጽዳት ያነሣው ሰው ሁሉ እዚያው ላይ ይመልሰዋል። ደብተሩም አንድ ዓምድ ጨምሯል፤ ከቁጥሩ ጎን «ጣውላ» ወይም «ሴራሚክ» ብዬ እጽፋለሁ። የረቡዑን 68.9 አልፋቅሁትም፤ በላዩ አንድ መስመር አስምሬ «ምንጣፍ» ብዬበታለሁ።