ለሩቅ ዒላማ ተኩስ ካሊበርና የአረር ክብደት እንዴት ይመረጣል?

በእንግሊዝ ቢስሊም ሆነ በአሜሪካ ካምፕ ፔሪ ታላላቆቹ የሩቅ ርቀት ውድድሮች የሚካሄዱት በ1,000 ያርድ፣ ማለትም በ914 ሜትር ነው። ጠመንጃው በድጋፍ ላይ ተቀምጦ በሚተኮስበት በኤፍ ክላስ ውድድር አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጀማሪን አብዝቶ የሚያስጨንቀው አረሩ በስበት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ነው። እሱ ግን በስሌት ይገኛል፤ በማነጣጠሪያው መነጽርም ይስተካከላል። ነጥብ የሚያሳጣው በየሰከንዱ የሚለዋወጠው ነፋስ ነው። ስለዚህ ጥይት፣ ማለትም ካሊበሩን (የአረሩን ውፍረት) እና የአረሩን ክብደት፣ ሲመርጡ ከሁሉ በፊት ነፋስን ያስቡ።

መጀመሪያ የሚወዳደሩበትን ምድብ ደንብ ያንብቡ። ከኤፍ ክላስ ሁለት ምድቦች አንዱ፣ ኤፍ ቲ አር፣ የሚፈቅደው .223 ሬሚንግተን እና .308 ዊንቸስተር የተባሉትን ጥይቶች ብቻ ነው። ሌላው፣ ኤፍ ኦፕን፣ በዓለም አቀፉ ደንብ እስከ 8 ሚሊ ሜትር ካሊበር ክፍት ነው።

ቀጥሎ ካሊበሮችን ያነጻጽሩ፤ በክብደት ብቻ ግን አይፍረዱ። የ.308 ባለ 175 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) አረር 11.3 ግራም ይመዝናል፤ የ6.5 ክሪድሙር ባለ 140 ግሬን ደግሞ 9 ግራም ገደማ። በሰከንድ 4.5 ሜትር የሚጓዝ የጎን ነፋስ ግን በ1,000 ያርድ ከባዱን 2.5 ሜትር ያህል፣ ቀላሉን 1.8 ሜትር ያህል ይገፋዋል። ምክንያቱ ቅርጽ ነው፦ ቀጭንና ረጅም አረር አየሩን በቀላሉ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ፍጥነቱንም ይጠብቃል። ይህን ችሎታ የሚለካው ባሊስቲክ ኮኤፊሸንት የሚባለው ቁጥር ነው። ጂ1 እና ጂ7 የተባሉ ሁለት መለኪያዎች ስላሉ፣ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር አያወዳድሩ።

በአንድ ካሊበር ውስጥ ግን ከበድ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፤ አፈሙዙ ከቻለው። ረጅም አረር በአየር ላይ ሳይዋዥቅ እንዲሄድ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። በ12 ኢንች አንድ ዙር የሚያዞር የ.223 አፈሙዝ ለ55 ግሬን ይበቃል፤ ለ80 ግሬን ግን በ8 ኢንች አንድ ዙር ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ክብ ሳይሆን ሞላላ ቀዳዳ ካዩ አረሩ እየተገለባበጠ ነው፤ ያንን ክብደት ይተዉት።

አረሩ ዒላማው ጋ ሲደርስ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ፣ በላይ መሆኑንም በስሌት ያረጋግጡ። ዝነኛው የ.308 ባለ 168 ግሬን የውድድር አረር በ600 ያርድ እጅግ የተዋጣለት ነው፤ 1,000 ያርድ ላይ ግን ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲወርድ ሚዛኑን ይስታል። በዚያ ርቀት 175 ግሬን የተመረጠው ለዚህ ነው።

ለጀማሪ ማግነም የሚባሉትን ትላልቅ ጥይቶች አልመክርም። ትከሻን የሚመታ ጠመንጃ ተኳሹን ዓይኑን ያስጨፍነዋል፤ ቃታውንም በእርጋታ አይስብም። ደንቡ ካልከለከለ 6.5 ክሪድሙርን ይውሰዱ፤ አፈሙዙ ከ.308 ቀድሞ እንደሚያልቅ ግን በወጪዎ ውስጥ ያስቡት።

በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ክብደት በትንሽ በትንሹ ገዝተው በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ይሞክሩ። በ100 ሜትር ተጠጋግቶ የመታው ሁሉ በሩቅ አይደገምምና፣ ብዙ ከመግዛትዎ በፊት በሚወዳደሩበት ርቀት ይፈትኑት።