በአዲስ ዱዋል ስፖርት ሞተር ሳይክል ከቡድን ጋር ጉዞ ለመጀመር

ዱዋል ስፖርት የሚባለው ሞተር ሳይክል መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮና ታርጋ ይዞ በአስፋልት ላይ በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ፣ አስፋልቱ ሲያልቅም ፒስታውንና ኮረኮንቹን የሚቀጥል ማሽን ነው። ይህን ዓይነት ሞተር ሳይክል ለብዙ ሰው ካስተዋወቁት መካከል ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ያቀረበው ዲቲ-1 በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ሁሉ አንድ ባሕርይ ይጋራሉ፦ ለሁለት ዓይነት መንገድ ስለተሠሩ ለአስፋልት ብቻ እንደተሠራው አይረጋጉም፣ ለጭቃ ውድድር እንደተሠራውም አይቀሉም። ከፋብሪካ የሚወጡት ደግሞ ለአማካይ ሰው ተስተካክለው ነው። በእኔ እምነት አዲሱ ባለቤት ሻንጣ፣ ተጨማሪ መብራትና ድምፁ የተለየ ማርሚታ ከመግዛቱ በፊት ማሽኑን ለራሱ ቁመት፣ ክብደትና መንገድ ማስማማት አለበት፤ ይህ ሥራ በአብዛኛው ጥቂት የብሎን መፍቻ ቁልፎችንና ትዕግሥትን ብቻ ይጠይቃል።

አዲስ ሞተር በእርጋታ መለማመድ አለበት። የፒስተኑ ቀለበቶችና የሲሊንደሩ ግድግዳ እርስ በርስ ተፋጭተው በትክክል የሚገጥሙት፣ የማርሾቹ ጥርሶችም የሚለሰልሱት በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ሲሆን፣ ከዚህ ፍትጊያ የሚወጣው ደቃቅ የብረት ብናኝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ብዙ አምራቾች የመጀመሪያውን የዘይት ለውጥ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መመሪያ ይከተሉ። እስከዚያው ድረስ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው አይጠምዝዙ፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነትም ለረጅም ሰዓት አይንዱ። ረጅም የአስፋልት ጉዞ ከሚያደርግ ቡድን ጋር በዚህ ወቅት መቀላቀል የማይበጀውም ለዚሁ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ቡድኑ እንጂ የእርስዎ ሞተር አይሆንምና። አዲስ ጎማም ገጹ እስኪሻክር ድረስ ስለሚያንሸራትት የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በመታጠፊያዎች ላይ ብዙ ሳያጋድሉ መንዳት ይገባል።

ማሽኑን ከሰውነት ጋር ማስማማት የሚጀመረው ከመሪው ነው። በእግር መርገጫዎቹ ላይ ቆመው፣ ጉልበትዎን በመጠኑ አጥፈውና ክርንዎን ወደ ውጭ ከፍተው እጅዎን በመሪው ላይ ያሳርፉ። ለመድረስ ጎንበስ ለማለት ከተገደዱ መሪውን ወደ ፊት ያዙሩት፤ ያ ካልበቃ ከሥሩ ከፍ የሚያደርገው ቁራጭ ሊያስፈልግ ይችላል። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ መያዣዎች ቆመው በሚነዱበት ጊዜ የእጅ አንጓዎ ሳይታጠፍ በአንድ ወይም በሁለት ጣት የሚደረስባቸው መሆን አለባቸው። ብዙ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲመጡ እነዚህ መያዣዎች ለተቀመጠ ሰው ከፍ ብለው ስለሚታሰሩ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ብሎኖቻቸውን እስከ መጨረሻው አለማጥበቅም ጠቃሚ ልማድ ነው፤ ሞተሩ ሲወድቅ መያዣው ከመሰበር ይልቅ ይዞራል። ማርሽ መቀየሪያው ደግሞ ወፍራም የቡትስ ጫማ ከሥሩ እንዲገባ አንድ ጥርስ ከፍ ቢል ይመረጣል።

የመቀመጫው ከፍታ ብዙ ጀማሪዎችን ያስፈራል። የሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል መቀመጫ ከመሬት 880 ሚሊ ሜትር፣ የሱዙኪ ዲአርዜድ 400 ኤስ ደግሞ 935 ሚሊ ሜትር ከፍታ ስላለው መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ሁለቱንም እግሮቹን ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ማሳረፍ አይችልም። ይህ ግን የግድ አስፈላጊ አይደለም። ከመቆምዎ በፊት ዳሌዎን ወደ አንድ ጎን አንሸራትተው አንዱን እግር በደንብ ቢረግጡ ይበቃል፤ ሌላኛው እግር በመርገጫው ላይ ወይም በኋላ ፍሬን ላይ ይቆያል። ሞተሩን በመሣሪያ ዝቅ ማድረግ ከድንጋይና ከግንድ የሚያሻግረውን የሆድ ከፍታ ስለሚቀንስ በመጀመሪያ የሚወሰድ እርምጃ መሆን የለበትም።

የኋላው አሞርዛተር ማስተካከያ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይመች ስለሆነ ከቡድኑ ሁለት ሰዎች እንዲያግዙዎት ይጠይቁ። በመጀመሪያ የኋላው ጎማ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጎማው አክስል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስካለ አንድ ምልክት ድረስ ይለካል። ከዚያ እርስዎ የመንጃ ልብስዎን ሁሉ ለብሰውና የሚሸከሙትን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ያንኑ ርቀት ደግሞ ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ከጎማው ጠቅላላ እንቅስቃሴ (ከተንጠለጠለበት ተነሥቶ ወደ ላይ እስከ መጨረሻው ከሚሄደው ርቀት) አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊሆን ይገባል፤ ጠቅላላው 250 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 80 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ የስፕሪንጉ ቀለበት ይጠብቃል፣ ካነሰ ይላላል። የኋላው ብዙ የሚወርድ ሞተር የፊት ጎማው ስለሚቀልበት በጠጠር መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ብዙ ጀማሪዎችም ይህን የራሳቸው የችሎታ ጉድለት እየመሰላቸው ለወራት ይቸገራሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሞተሩን ጠባይ የሚቀይረው የጎማ አየር ነው። ለአስፋልት አምራቹ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ባር ባለው ውስጥ ሲሆን፣ ያንኑ አየር ይዞ ጠጠርና ልቅ አፈር ላይ መውጣት ጎማው በድንጋዩ ላይ እንዲነጥርና መሬቱን እንዳይጨብጥ ያደርገዋል። ለፒስታ ወደ 1.2 ባር፣ ለአሸዋና ለጭቃ ደግሞ ወደ 1 ባር ዝቅ ማድረግ ጎማው ጠፍጥፎ ሰፋ ያለ ገጽ እንዲኖረው ይረዳል። ሹል ድንጋይ በበዛበት መንገድ ላይ ግን ከዚህ በታች መውረድ አይገባም፤ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ በሁለት ቦታ ይበሳል፣ ቸርኬውም ሊጎብጥ ይችላል። ወደ አስፋልት ሲመለሱ አየሩን መልሰው ይሙሉ፤ አየር ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላልና። ስለዚህ አነስተኛ የአየር መለኪያና የእጅ ፓምፕ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው መጓዝ አለባቸው።

ስለ መከላከያ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሄልሜት፣ ጓንት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ቡትስ ያስፈልጋል። በፒስታ ላይ ሞተር ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚቀረው እግር ነው።

ከቡድን ጋር ከመውጣትዎ በፊት በባዶ ሜዳ ላይ የሚለማመዷቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ቆሞ መንዳት ነው፤ ክብደቱ ከመቀመጫው ወደ መርገጫዎቹ ሲወርድ ሞተሩ ከሥርዎ እንደፈለገ ይንቀሳቀሳል፣ እርስዎ ግን አይናወጡም። መሪውን አጥብቆ መጨበጥ ክንድን ከማድከሙም በላይ የፊት ጎማው በድንጋዮች መካከል የራሱን መንገድ እንዳያገኝ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ሞተሩን በሁለቱ ጉልበቶችዎ መካከል ጨብጠው እጅዎን ያላሉ። ሁለተኛው ፍሬን ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ አብዛኛውን የማቆም ኃይል የሚሰጠው የፊቱ ሲሆን በልቅ ጠጠር ላይ ደግሞ የፊቱን በድንገት መያዝ ይጥላል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አለመንካትም ስሕተት ነው። በቀስታ እየጨመሩ ጎማው የሚንሸራተትበትን ወሰን በዝቅተኛ ፍጥነት ይወቁት። ሞተርዎ ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት፣ ካለውና የኋላውን ማጥፋት የሚቻል ከሆነ በርቶም ጠፍቶም ይለማመዱ፤ ኤቢኤስ በልቅ ቁልቁለት ላይ የማቆሚያውን ርቀት ሊያረዝመው ይችላል።

ሦስተኛው የወደቀ ሞተር ማንሳት ነው። ሞተሩን አጥፍተው፣ ማርሽ ውስጥ አስገብተው፣ በቀኝ ጎኑ ከወደቀ የጎን ማቆሚያውን አስቀድመው ይክፈቱ። ከዚያ ጀርባዎን ለመቀመጫው ሰጥተው፣ በአንድ እጅ መሪውን፣ በሌላው የሞተሩን አካል ይዘው፣ ወገብዎን ሳያጎብጡ በእግርዎ ኃይል ወደ ኋላ እየተራመዱ ያንሱ። ይህን በእርጋታ ሜዳ ላይ የተለማመደ ሰው ሁሉም ቆመው በሚጠብቁበት ዳገት መሐል አይደናገጥም።

አሁን ወደ ቡድኑ እንምጣ። አብረዋቸው የሚወጡትን ሰዎች ስለ ሞተራቸው ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ፍጥነታቸውና ስለሚሄዱበት መንገድ ይጠይቋቸው፤ የራስዎንም ደረጃ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይንገሯቸው። አዲስ መሆኑን የደበቀ ሰው አቅሙን በሚፈትን መንገድ ላይ ሲደክም ጉዞውን ለሁሉም አደገኛ ያደርገዋል፤ የተናገረውን ግን ጥሩ ቡድን ከፊት ከሚመራው አሽከርካሪ ቀጥሎ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያም ሆኖ የልምድ ባለቤቱን የመስመር ምርጫና የፍሬን አያያዝ ያያል። ነዳጅም አስቀድሞ መነጋገሪያ ነው። ሲአርኤፍ 300 ኤል የሚይዘው 7.8 ሊትር ሲሆን የካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ግን 23 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱ አብረው ከወጡ የማደያ ርቀት የሚሰላው በትንሹ ነው።

በአስፋልት ላይ ቡድን የሚሄደው ተፈራርቆ ነው፤ አንዱ በመስመሩ ግራ፣ ቀጣዩ አንድ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ብሎ በቀኝ፣ በቀጥታ ከፊትዎ ካለው ጋር ደግሞ ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት ይኖራል። በመታጠፊያና በጠባብ መንገድ ላይ ሁሉም በአንድ ረድፍ ይሆናል። ፒስታ ላይ ሲደረስ ይህ አሰላለፍ ይቀራል። የፊተኛው ያነሣው አቧራ መንገዱን እንዳይሸፍንብዎ በደንብ ወደ ኋላ ይቅሩ፤ በአቧራ ውስጥ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ድንጋዩንም ሆነ የቆመውን ባልደረባውን የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው።

በዚህ ዓይነት ርቀት ሰው እንዳይጠፋ ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። የቡድኑ መሪ፣ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ሲደርስ፣ ሁለተኛውን አሽከርካሪ በግልጽ የሚታይ ስፍራ ላይ አቁሞ ይሄዳል፤ የቆመው ሰው ለሚመጡት ሁሉ አቅጣጫውን እያሳየ የመጨረሻው አሽከርካሪ፣ ማለትም ደጀኑ፣ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ከዚያም ከደጀኑ ፊት ገብቶ ይቀጥላል። ደጀን የሚሆነው ልምድ ያለውና መጠገን የሚያውቅ ሰው ነው። ለጀማሪው የሚደርሰው ግዴታ አንድ ብቻ ነው፤ እንዲቆም በተነገረው ቦታ ላይ ምንም ያህል ጊዜ ቢወስድ መቆየት። ሰልችቶት ወይም ተጨንቆ ቦታውን ከለቀቀ ከኋላው ያሉት ሁሉ መንገድ ይስታሉ። ከኋላ የቀሩ ሲመስልዎትም ለመድረስ አይሩጡ። በመንታ መንገዱ ላይ የሚጠብቅዎት ሰው አለ፤ በጀማሪዎች ላይ የማየው አብዛኛው አወዳደቅ የሚመጣው ከዚህ ሩጫ ነው።

ወንዝ ሲያጋጥም መጀመሪያ በእግር ይሻገሩት። በእግር መሻገር ካልተቻለ በሞተርም አይሻገሩት። የሚሻገሩ ከሆነ በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳያቋርጡ፣ ዓይንዎን ከማዶው ዳርቻ ሳያነሡ ይንዱ፤ አንድ ሰው ደግሞ ከውኃው አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከጠፋ ማስነሻውን በፍጹም አይጫኑ። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሳለ ሞተሩ ቢዞር የፒስተኑን ዘንግ ያጎብጠዋል። ካንዴላውን ፈትተው፣ ሞተሩን አዙረው ውኃውን ካስወጡና የአየር ማጣሪያውን ካደረቁ በኋላ ብቻ ይሞክሩ። ዘይቱ ወደ ነጭነት ከተለወጠም ውኃ ገብቶበታልና ሳይቀየር መንዳት አይገባም።

ከመሣሪያ ለሞተርዎ ብሎኖች የሚሆኑ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ጎማ መፍቻ ብረቶች፣ መለጠፊያና ትርፍ ካላማዳሪያ፣ የሰንሰለት መቀጠያ፣ ትርፍ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣ ይያዙ። ከመውጣትዎ በፊት በእነዚህ መሣሪያዎች ብቻ በቤትዎ አንድ ጊዜ ጎማ ፈትተው ካላማዳሪያውን ቀይረው ይመልሱ፤ የሚጎድለው መሣሪያ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከመጀመሪያው የፒስታ ጉዞ ሲመለሱ ሞተሩን አጥበው የቸርኬውን ሽቦዎች በትንሽ ቁልፍ አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጉ፤ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የላላው የደነዘዘ ድምፅ ያሰማል። አዲስ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች መላላቱ የተለመደ ነው። ሰንሰለቱንም ይመልከቱ፤ የኋላው ጎማ ብዙ ወደ ላይና ወደ ታች በሚንቀሳቀስበት ሞተር ላይ የጠበቀ ሰንሰለት ከላላው ይበልጥ ይጎዳል፣ ስለዚህ መመሪያው የሚያዘውን የልልነት ልክ ሳይቀንሱ ያስተካክሉት። አቧራ ከበላችሁ የአየር ማጣሪያውን ያውጡ፤ የስፖንጅ ከሆነ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆና የማጣሪያ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመለሰው። ሲመልሱት ጠርዙ ዙሪያውን መግጠሙን በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።