በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኛ የቤት ውስጥ እንክብካቤ የመንግሥት ክፍያ እንዴት ይገኛል?

እናትን ከአልጋ አንስቶ ማጠብ፣ ልብስ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ሽንት ቤት ማድረስ ሥራ ነው። በአሜሪካ ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ አለ፤ ከፋዩም በአብዛኛው ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎችና ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን መኖሩን አይሰማም። የሰማውም «እኛ ልጆቿ እያለን?» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም አመልክቶ ከሚያስፈልገው ያነሰ ሰዓት ሲፈቀድለት ዝም ይላል። ልጅ ስለሆኑ መንከባከብ አንድ ነገር ነው፤ ሥራ አቁሞ ያለ ገቢ መቅረት ደግሞ ሌላ ነው። መብቱን መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

1. ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን ይለዩ

ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው የሚደክመው በተሳሳተው በር ነው። ሜዲኬር 65 ዓመት ለሞላቸውና ለተወሰኑ አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የጤና መድን ነው። ከሆስፒታል ለወጣ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ነርስ ቤት ድረስ ሊልክ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ማጠብና ማልበስ ብቻ ከሆነ ግን አይከፍልም። ለዚህ የሚከፍለው የፌዴራሉ መንግሥትና ግዛቱ በጋራ ወጪውን የሚሸፍኑት ሜዲኬይድ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም መያዝ ይችላል።

2. የግዛትዎን ፕሮግራም በስሙ ይጠይቁ

በስልክ «ሆም ኬር እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስሙ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በካሊፎርኒያ አይ ኤች ኤስ ኤስ፣ በቨርጂኒያ ሲ ሲ ሲ ፕላስ ዌይቨር (ዌይቨር ማለት ግዛቱ የሜዲኬይድን ገንዘብ በተቋም ፈንታ ቤት ውስጥ ለሚሰጥ እንክብካቤ እንዲያውል የሚፈቅድ ልዩ ፕሮግራም ነው)፣ በሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ፈርስት ቾይስ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ኢ ፒ ዲ ዌይቨር ይባላል። በሚኒሶታ ፒ ሲ ኤ ይባል የነበረው ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ሲ ኤፍ ኤስ ኤስ በሚባለው መተካት ጀምሯል። የእርስዎን ግዛት ለማወቅ በ211 ይደውሉ፤ ወይም የአካባቢውን የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች መረጃ ማዕከል ይጠይቁ።

አንድ ልዩነት ግን በደንብ ይያዙ። በግዛቱ መደበኛ የሜዲኬይድ ፕላን ውስጥ ያለ አገልግሎት መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ይሰጣል፤ ወረፋ የለውም። ከ1981 ጀምሮ የመጣው ዌይቨር የሚባለው ግን የቦታ ገደብ ስላለው በብዙ ቦታ ወረፋ አለው፤ ወረፋው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለዌይቨሩ ስም ያስመዝግቡ፤ በዚያው ቀን «በመደበኛው ፕላን እስከዚያው ምን ላገኝ እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ ካልጠየቁት ማንም ላይነግርዎት ይችላል።

«ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መኖሪያ ተቋም) ይሻላል» የሚልዎት ሰው ከመጣ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ኦልምስቴድ በሚባለው ጉዳይ፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ መኖር የሚችልንና የሚፈልግን አካል ጉዳተኛ ያለ በቂ ምክንያት በተቋም ውስጥ ማቆየት አድልዎ ነው ብሎ ወስኗል።

3. «ገቢያችን ከገደቡ ያልፋል» ብለው ራስዎን አይከልክሉ

በብዙ ግዛቶች ለአንድ ያላገባ አካል ጉዳተኛ የሚፈቀደው ጥሪት 2,000 ዶላር ብቻ ነው። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠሩም። አንዳንድ ግዛቶች ከዚህ ብዙ ከፍ ያለ ገደብ አላቸው።

ልጁ አካል ጉዳተኛ ከሆነ በብዙ ዌይቨሮች የሚታየው የልጁ ገቢ እንጂ የወላጆቹ አይደለም። ይህ የመጣው በኬቲ ቤኬት ምክንያት ነው። ኬቲ የአይዋ ልጅ ነበረች፤ ሆስፒታል ከቆየች ሜዲኬይድ ይከፍልላት ነበር፣ ቤቷ ከገባች ግን የወላጆቿ ገቢ ተቆጥሮ ይቀርባት ነበር። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬጋን ጉዳዩን በአደባባይ አነሱት፤ ደንቡም ተለወጠ። ስለዚህ ደመወዝተኛ ወላጅ ከሆኑ «አይመለከተኝም» ብለው አይተዉት።

4. ማመልከቻውን ያስገቡ

መታወቂያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት ማስረጃ፣ የባንክ መግለጫ፣ የገቢ ወረቀትና የሐኪም መዝገብ ያዘጋጁ። ያስገቡበትን ቀን ይመዝግቡ፤ የሰጡትን ሁሉ ኮፒ ያስቀሩ። በአካል ጉዳት ምክንያት ለሚቀርብ የሜዲኬይድ ማመልከቻ ቢሮው በ90 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ለሌላው 45 ቀን ነው። በኢሚግሬሽን ሁኔታዎ ላይ ጥርጣሬ ካለዎት ከማመልከትዎ በፊት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ያማክሩ።

አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት፤ «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ አያቱ ሽንትና ገላ እንዲያስተረጉም አያድርጉት። ለልጁም ለአያቱም ከባድ ነው፤ አያትየውም በልጁ ፊት እውነቱን አይናገሩም።

5. የግምገማውን ቀን ይዘጋጁበት

የሚከፈልበት የእንክብካቤ ሰዓት የሚወሰነው እዚህ ነው። ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር ቤት መጥቶ መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳትና መንቀሳቀስ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ እያንዳንዱ ተግባር ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል።

የእኛ ሰው የሚጎዳው በዚህ ቀን ነው። ቤቱ ይጸዳል፣ እናት ጥሩ ልብስ ለብሰው ይቀመጣሉ፤ «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ለእኛ ይህ ምስጋና ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን «እርዳታ አያስፈልጋቸውም» ሆኖ ይጻፋል። ገመናን መሸፈን ጨዋነት ቢሆንም በዚህ ቀን ዋጋ ያስከፍላል። አስቀድመው ለእናትዎ በደንብ ያስረዱ፦ ሰውየው የመጣው ለጥየቃ ሳይሆን ለመመዘን ነው።

ከግምገማው በፊት ለሁለት ሳምንት በደብተር ይጻፉ። ገላ ማጠብ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሱ? ወድቀው ያውቃሉ? ለማንሳት አንድ ሰው በቃ ወይስ ሁለት አስፈለገ? ጥያቄው ሲቀርብ ስለ ደህናው ቀን ብቻ ሳይሆን ስለ ክፉው ቀንም ይናገሩ። ማጋነን አያስፈልግም፤ መደበቅም አይገባም። የአእምሮ ሕመም፣ ኦቲዝም ወይም የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው እጁ ጤነኛ ቢሆንም «አሁን ታጠብ፣ አሁን ጉረስ» እያሉ አጠገቡ መቆም ራሱ እርዳታ ነው፤ ይህንንም ያስመዝግቡ።

«ይህን ማን ይሠራል?» ሲሉዎት ደግሞ ይጠንቀቁ። «እኔ አለሁ» ካሉ ያ ሰዓት ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት እንደሚሰጥ ተቆጥሮ ሊቀነስ ይችላል። በነፃ መሥራት የሚችሉትንና የማይችሉትን ለይተው ይናገሩ።

ከሐኪም የሚያመጡት ደብዳቤም የበሽታውን ስም ብቻ አይያዝ። «ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው» ከሚል ይልቅ «ያለ ሰው ድጋፍ ከወንበር መነሳት አይችሉም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይበልጥ ይጠቅማል።

6. ተንከባካቢውን ይምረጡ

በኤጀንሲ በኩል ሰው ማስመደብ ይቻላል፤ ወይም ግዛቱ ከፈቀደ ራስዎ ሰው መርጠው ይቀጥራሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቋንቋውንና ምግቡን የሚያውቅ ዘመድ መቅጠር ስለሚቻል። ልጅ ወይም እህት በብዙ ቦታ ይፈቀዳል። የትዳር ጓደኛና የታዳጊ ልጅ ወላጅ ግን በአንዳንድ ግዛት ይከለከላሉ፤ በካሊፎርኒያ ሊከፈላቸው ይችላል። የሥራ ሰዓት መግቢያና መውጫ በስልክ ወይም በአፕ እንዲመዘገብ የፌዴራል ሕግ ያዛል፤ ሳይመዘገብ የቀረ ሰዓት ክፍያ ያዘገያል። ከታማሚው ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ተንከባካቢ በዌይቨር የሚከፈለው ገንዘብ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ሊሆን ስለሚችል ግብር የሚሠራልዎትን ባለሙያ ይጠይቁ።

7. ደብዳቤውን በመጣበት ቀን ይክፈቱ

ከተከለከሉ ወይም ሰዓት ከተቀነሰ ይግባኝ የማለት መብት አለዎት። አገልግሎት ከመቀነሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ሊነገርዎት ይገባል። በእነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ካስገቡና «ውሳኔው እስኪታይ አገልግሎቴ ይቀጥል» ብለው ከጠየቁ የነበረው ሰዓት ይቀጥላል፤ ከተሸነፉ ግን ግዛቱ ወጪውን ሊጠይቅ እንደሚችል ይወቁ። በየግዛቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስጠብቅ የሕግ ድርጅት በሕግ የተቋቋመ ስለሆነ ደብዳቤውን ይዘው እሱን ያናግሩ። ደብተሩንም አይጣሉት፤ ግምገማው አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ይደገማል፣ የሜዲኬይድ እድሳት ወረቀትም በፖስታ ይመጣል። አድራሻ ከቀየሩ ወዲያውኑ ለቢሮው ያሳውቁ።