ከእድሩ ደብተር እስከ ድረ ገጹ፦ ከየት እንጀምር?

የካ አባዶም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሰው ሲሞላ እድሩም አብሮ ይቋቋማል። ከየሰፈሩ በእጣ የመጣ ሰው ስለሆነ በስም ለመተዋወቅ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ማን አባል እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡ ነው። መዝገቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ቤት፣ ቡፌ ውስጥ የተቀመጠ ደብተር ነው።

ኮሚቴ «ዲጂታል እንሁን» ሲል ቶሎ የሚታየው ድረ ገጽ ነው። እኔ ግን ድረ ገጹን መጨረሻ አድርጉት እላለሁ። መዝገቡ ሳይጠራ የተሠራ ድረ ገጽ ከጌጥ አያልፍም።

መጀመሪያ ወረቀቱን ለዩ። መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት መዝገብ፣ የመዋጮ ደብተርና ደረሰኝ ለየብቻ ይደርደሩ። የስቴፕለር ሽቦ ካለ ይነቀል።

ቀጥሎ ስካን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ከወሰዳችሁት ሁለት ነገር ንገሯቸው፦ በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) ይሁን፣ በቀለም ይሁን። በጥቁርና ነጭ ከሆነ ማህተሙና ፊርማው ከጽሑፉ ጋር ይደባለቃል። ወረቀቱን ጥላችሁ አትሂዱ፤ አንድ ሰው እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። ማሽን ከራቃችሁ ስልክም ይሠራል። የጉግል ድራይቭ መተግበሪያ ወረቀቱን በካሜራ አንስቶ ፒዲኤፍ ያደርገዋል። ፋይሉን ግን «ስካን 1» ብላችሁ አትተዉት። «2015-13-03 ቃለ ጉባኤ» በሉት። ዓመቱ ከቀደመ ፋይሎቹ ራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ስካን ተደርጓል ተብሎ ዋናው ወረቀት እንዳይጣል፤ ክርክር ሲነሳ የሚፈለገው ማህተም ያረፈበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ስካን የተደረገ ደብተር ፎቶ ነው፤ ስም ፈልግ ቢሉት አያገኝም። ቴሰራክት የሚባል ነጻ ሶፍትዌር የታተመ አማርኛ ያነባል። የጸሐፊያችሁን የእጅ ጽሑፍ ግን ከሱ አትጠብቁ። ስለዚህ የአባላቱ ዝርዝር ኤክሴል ላይ በእጅ ይተየባል። አሰልቺ ነው፤ ግን አቋራጭ የለውም።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ አለ። አንደኛው ስልክ ቁጥር ነው። 09 ብላችሁ ስትጀምሩ ኤክሴል ዜሮዋን ይበላታል። ሁለተኛው ቀን ነው። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም። 3/13/2015 ብትሉት የፈረንጆቹን ማርች 13 አድርጎ ሊወስደው ይችላል። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፦ መተየብ ሳትጀምሩ ዓምዶቹን «ጽሑፍ» (Text) በሚለው ቅርጸት አስተካክሉ። ሦስተኛው ስም ነው። አንዱ «ኃይሉ»፣ አንዱ «ሀይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ» ብሎ ይተይባል። ስትፈልጉ አንዱ ብቻ ይመጣና ሰውየው አባል አይደለም ይባላል! ለእያንዳንዱ አባል ቁጥር ስጡት፣ ፍለጋውም በቁጥሩ ይሁን። ስሙን መታወቂያው ላይ እንዳለ ጻፉት።

ድሮ የተተየበ ደንብ ካላችሁ፣ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። ፊደሉ ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ ጽሑፉ ዩኒኮድ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በጋራ የሚያነቡት የፊደል ኮድ፣ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በአሮጌ ፎንት ሲተየብ ኖሯል። ድረ ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት ተቀይሮ ወይም እንደገና ተተይቦ ይለቅ።

ሁሉንም በሦስት ቅጂ ያዙ፦ ኮምፒውተር ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ። ፍላሹ ኮምፒውተሩ ካለበት ቤት ውጭ ይቀመጥ።

ድረ ገጹ ለእድር አንድ ገጽ ይበቃዋል። ደንቡ፣ የመዋጮ ቀን፣ የስብሰባ ማስታወቂያ፣ ሰው ሲሞት የሚደወልበት ስልክ። ደንቡን ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ፤ ዳታ ይበላል፣ ጉግልም በደንብ አያገኘውም። ሲሠራ በስልክ ከፍታችሁ እዩት፤ አባሉ የሚያየው በስልክ ነው። የአባላት ዝርዝር ግን አይወጣም። ያልከፈለ ሰው ስም ለመለጠፍ የሚጓጓ ኮሚቴ አባል አይጠፋም፤ እሱን አደብ አስገዙት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም ንገሩት።

ከድረ ገጽ ሠሪው ጋር ስትዋዋሉ ከዋጋው ይልቅ የምጨነቀው ስለ ባለቤትነቱ ነው። ልጁ ዶሜኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) በራሱ ኢሜይል ያስመዘግባል፣ ከዚያ ሥራ ያገኝና ይሄዳል፣ ስልኩም አይነሳም። ስለዚህ ለእድሩ ኢሜይል ክፈቱ፣ ዶሜኑም በእድሩ ስም ይመዝገብ። በ.ኢቲ (.et) የሚያልቀውን ከፈለጋችሁ የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶሜን በየጊዜው ይታደሳል፤ የሚታደስበትን ቀን ገንዘብ ያዡ ደብተሩ ላይ ይጻፈው። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ይወቀው፣ ቅጂውም ታሽጎ ማህተሙ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ኮሚቴ ሲቀየር የይለፍ ቃሉም ይቀየር፣ ርክክቡም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።