በገላጣ ሜዳ ተርኪ ስናድን የምንሠራቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ ውስጥ ተርኪ የሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ የጸደይ አደን የሚከፈተው ኤፕሪል ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ የእኔ ተርኪ ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ፋሲካን ይጠብቃል። ከተገኘ ማለቴ ነው። ጫካ ውስጥ የሠራልኝን ዘዴ ሼናንዶዋ ሸለቆ የግጦሽ ሜዳ ላይ ይዤ የወጣሁ ጊዜማ ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት።

ጫካ ውስጥ የሴቷን ድምፅ አስመስሎ መጥራት ብቻውን ሊበቃ ይችላል። አውራው ፍለጋ ይመጣል። ሜዳ ላይ ግን ከሩቅ ያያል። ድምፅ በሰማበት ቦታ ሴት ካጣ አንገቱን መዝዞ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ አይጠጋም። ዲኮይ፣ ማለትም ተርኪ መስሎ የሚተከለው ማታለያ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እኔ የሠራሁት ትልቁ ስህተት ትልቁን ዲኮይ መግዛት ነው። ሱቅ ስትገቡ ዓይን የሚስበው ጭራውን የዘረጋው አውራ ነው። ዋጋውም አይቀመስም። ሜዳ ላይ ስተክለው፣ በሌላ አውራ ተደብድቦ የሚያውቅ ወፍ ገና ከሩቅ አይቶት ዞሮ ሄደ። የሚያዋጣው ጎረምሳው ነው፤ አዳኞች ጄክ የሚሉት የአንድ ዓመት ወንድ። አውራው ጎረምሳን አይፈራም፣ ይንቀዋል። ሴት አጠገብ ቆሞ ሲያየው ደሙ ይፈላል። ወቅቱ ሲገባደድና ወፎቹ ማታለያውን ሲነቁበት ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ትበቃለች።

ዲኮዩን አርቆ መትከልም አለ። ብዙ አውራ ከዲኮዩ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል። እኔ ከ40 ያርድ፣ ማለትም ከ36 ሜትር ገደማ በላይ አልተኩስም። ስለዚህ ዲኮዩን 20 እርምጃ ላይ እተክላለሁ። የጎረምሳው ፊት ደግሞ ወደ እኔ ይዞራል። አውራው ፊት ለፊት ሊገጥመው ስለሚመጣ ጀርባውን ይሰጠኛል። የተዘረጋ ጭራው ሲጋርደው ጠመንጃዬን ቀስ ብዬ አነሳለሁ።

ጎድጓዳ ቦታ ወይም ረጅም ሣር ውስጥ የተተከለ ዲኮይ እንዳልተተከለ ቁጠሩት። ነፋስ ካለ ደግሞ ግራና ቀኙ እንጨት ትከሉ፤ አለዚያ እንደ ቬንትሌተር ይሽከረከራል።

ስለ ጠረናችሁ አትጨነቁ። ተርኪ ማሽተት ላይ ደካማ ነው፣ ቡናችሁን ጠጡ። ዓይኑ ግን ጉድ ነው፤ ቀለም ይለያል፣ አንገቱን ትንሽ ሲያዞር ዙሪያውን ያያል። ሳይነጋ ሜዳው ዳር ከትከሻችሁ የሚሰፋ ዛፍ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ፊትና እጅ ይሸፈን። አውራው መልሶላችሁ እየመጣ ከሆነ መጥራቱን ተዉት። እዚህ በጸደይ የሚፈቀደው ደረቱ ላይ ጢም፣ ማለትም ፀጉር የሚመስል የተንጠለጠለ ላባ፣ ያለው ብቻ ስለሆነ፣ ጢሙን ሳታዩ አትተኩሱ።

አንዳንዶች የተዘረጋ ጭራ ፊታቸው ይዘው እየተሳቡ ወደ ወፉ ይጠጋሉ። እኔ አላደርገውም። ከማዶ ያለ አዳኝ የሚታየው ጭራው ብቻ ነው። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስም አትልበሱ፤ የአውራው ጭንቅላት ቀለም ነው። ዲኮዩን ስትሸከሙ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሌላ አዳኝ ሲመጣ ካያችሁ እጅ አታውለብልቡ፣ የተርኪ ድምፅም አታሰሙ። ባላችሁበት ሆናችሁ በሰው ድምፅ «እዚህ ሰው አለ» ብላችሁ ጩኹ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ይመረጣል።