የቤተ እስራኤልን ወላጆች ስናከብር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዛሬ በእስራኤል የቤተ እስራኤልን፣ ማለትም ከኢትዮጵያ የመጡትን አይሁድ፣ ማኅበረሰብ የሚመሩት፣ ኮሚቴ የሚያቋቁሙትና በከተማ ምክር ቤት የሚቀመጡት አብዛኞቹ በልጅነታቸው የመጡ ወይም እዚያው የተወለዱ ናቸው። «የወላጆቻችንን መሥዋዕትነት እናከብራለን» ሲሉ ከልባቸው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በአከባበሩ ላይ ግን ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው ታሪኩን ከአውሮፕላኑ መጀመር ነው። በየመድረኩ ቀድሞ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል መጓጓዛቸው ነው። ነገሩ ድንቅ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ትረካው ከዚያ ከጀመረ ወላጆቻችን ሌላ ሰው አንሥቶ የጫናቸው ዕቃ ይመስላሉ። ከዚያ በፊት፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነሥተው፣ ሕፃን አዝለው፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን እየተደበቁ፣ ሽፍታንና ወታደርን እየሸሹ ለሳምንታት ወደ ሱዳን በእግራቸው የሄዱት ራሳቸው ናቸው። ከሱዳን ሆኖ በላካቸው ደብዳቤዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ለሚወስደው መስመር መከፈት ምክንያት የሆነው ፈረደ አክሉምም የዚሁ ማኅበረሰብ ልጅ ነበር። እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የሱዳን የስደተኞች ካምፖች ማንነታቸውን ደብቀው ሲጠብቁ ረኃብና በሽታ ስንቱን ጨረሰ፤ በመንገድና በካምፕ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ስለዚህ ለልጆች ሲነገር መጀመሪያ መምጣት ያለበት «ለመሄድ ወሰኑ» የሚለው ቃል እንጂ «ተወሰዱ» የሚለው አይደለም።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው፣ ሽማግሎችን ለጌጥ መጥራት ነው። ከአስተሠርዮ (ዮም ኪፑር) 50 ቀን በኋላ በሚውለው የቤተ እስራኤል በዓል፣ በሲግድ ዕለት፣ በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ በተባለው ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። የማኅበረሰቡ የሃይማኖት መሪዎች የሆኑት ቄሶች በጥልፍ ጃንጥላ ሥር ሆነው ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፤ ምንባቡም እንደ ጥንቱ ሥርዓት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይፈታል። ጾም ላይ ያሉት እናቶች ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ከፊት ይቆማሉ። ከኋላ ያለው ወጣት ግን ግዕዙንም ትርጓሜውንም ስለማይሰማ በዕብራይስጥ ያወጋል፣ ፎቶ ይነሣል። ወዲያው ባለሥልጣን ይደርስና የድምፅ ማጉያው ከቄሱ እጅ ይወጣል። የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲግድን በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል፤ ምንባቡን ለልጅ ልጆች የማስተርጎሙ ሥራ ግን የእኛ ነው። የዕለቱን ምንባብ ከዕብራይስጥ ትርጉሙ ጋር አትሞ ማደልና ከቄሱ ጎን አንድ ወጣት ተርጓሚ ማቆም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በኮሚቴዎች ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ሙሉ በዕብራይስጥ ተካሂዶ፣ በጀቱም ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ሽማግሌው «እስቲ አባባ፣ ይመርቁን» ይባላሉ። በአገር ቤት የደም ጠብ ያስታርቁ የነበሩ ሰው ናቸው እኮ! ተርጓሚ ከጎናቸው ተቀምጦ ከውሳኔው በፊት ሐሳባቸውን ይስጡ፤ ምርቃቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መታሰቢያውን የአንድ ቀን ጉዳይ ማድረግም ስህተት ነው። በሱዳን መንገድ የቀሩት በየዓመቱ በእስራኤል በሚከበረው በኢየሩሳሌም ቀን፣ በኢየሩሳሌም በሚገኘው በሄርዝል ተራራ ይታሰባሉ፤ በሕይወት ያሉት ግን በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደው ሕመማቸውን በልጅ ልጃቸው አፍ ያስረዳሉ። ለአበባ ጉንጉን የሚወጣው ገንዘብ በከፊል ለክሊኒክ አስተርጓሚ ቢውል የሚከፋው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ስህተት የወላጆችን መከራ የወጣቱን አፍ ለማስያዝ መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2019ም ወጣቶች የፖሊስን ጭካኔ ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ «ወላጆቻችሁ በረሃ አቋርጠው ዝም ብለዋል፤ እናንተ ምን ጎደላችሁ?» የሚል ተግሣጽ ይሰማ ነበር። ይህ ተግሣጽ ሐሰት ነው። በእስራኤል የአይሁድን ጋብቻ የሚመራው የራቢዎች (የሃይማኖት መሪዎች) ጽሕፈት ቤት የወላጆቹን አይሁድነት ተጠራጥሮ ለጋብቻ የመጥለቅ ሥርዓት (በውኃ መንጻት) እንዲፈጽሙ በጠየቃቸው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ከሱዳን ከመጡ ገና ጥቂት ወራት የሆናቸው ሰዎች ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃውመዋል። ብዙዎቹ ዛሬ አያቶች ናቸው። ወጣቱን ለመገሠጽ የሚነሣ መሪ አስቀድሞ ከእነርሱ አንዱን መድረክ ላይ አስቀምጦ ያንን ወር እንዲተርኩ ቢጠይቃቸው ይሻላል።