ዕዳ ሳይገቡ ሰርግ መደገስ

የሰርግን ወጪ ከሁሉ በላይ የሚያንረው የተጠሪው ብዛትና ቀኑ ነው። ስለዚህ ቀን ከመቆረጡ በፊት ሁለቱ ቤተሰቦች ተቀምጠው የእንግዳውን ስም አንድ በአንድ ይጻፉ። «ወደ 300 ይሆናል» ብሎ መነሳት ነው ኋላ የሚያስበድረው።

ከጥምቀት በኋላ ሁሉም ስለሚያገባ ቬሎውም፣ መኪናውም፣ ቪዲዮውም ይወደዳል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ግን ዝናቡ አቁሟል፣ የነቢያት ጾም አልገባም፤ ሱሉልታም ሆነ ኮዬ ፈጬ ግቢ ውስጥ ድንኳን ለመትከል ይመቻል። አዲሱ ምርት ስላልደረሰ ጤፉን ቀደም ብላችሁ ግዙ።

ብር በብዛት የሚባክነው ሥጋው ላይ ነው። በቁሙ 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ይቀራል፤ አጥንቱ ሲነሳ ወደ 110 ኪሎ ሥጋ ቢገኝ ነው። ለ250 እንግዳ ሩብ ሩብ ኪሎ ቢታሰብ 63 ኪሎ ይበቃል። ይህን ሳያሰሉ «እንዳያንስብን» ብለው ሁለት በሬ የሚጥሉ አሉ፤ ያሳዝናል። ትርፉ ለመልስ ካልዋለ፣ በዚያው ሰሞን ከሚደግስ ሰው ጋር ቅርጫ ግቡ። ካራ ወይም አቃቂ ከብት ገበያ ስትሄዱ ሥጋ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ዶሮ 12 ብልት ስለሚወጣው ለ250 ሰው 21 ዶሮ አንድ አንድ ያዳርሳል። ቡፌ ከሆነ ወጡን የሚያወጣ አስተናጋጅ አቁሙ፤ እንግዳው ራሱ ካነሳ መጨረሻ የተሰለፈው ሥጋ አያገኝም።

ቢራ በሳጥን 24 ጠርሙስ ነው። ግማሹ እንግዳ ሁለት ሁለት ቢጠጣ 11 ሳጥን ይበቃል፤ ሳይከፈት የተረፈውን እንዲመልስላችሁ ከአከፋፋዩ ጋር አስቀድማችሁ ተዋዋሉ። ጠጁ እቤት ከተጣለ ይረክሳል፦ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት።

መልስና ቅልቅሉን በአንድ ቀን፣ በጋራ ወጪ አድርጉት። ለገንዘቡ ከዓመት በፊት እቁብ ግቡ፤ ዕጣው ቀድሞ ከወጣ ባንክ ይቀመጥ። በስጦታ እንከፍላለን ብላችሁ ግን አትበደሩ፤ ስጦታው የሚመጣው በሰርጉ ቀን ነው፣ በሬው የሚገዛው ከዚያ በፊት።

ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ከእድራችሁ ውሰዱ። ሳህኑን ስትረከቡም ስትመልሱም የሚቆጥር አንድ ሰው መድቡ፤ የጎደለውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ዳር ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሎቹ ከዋዜማው በፊት ይሞሉ፤ አለዚያ የቦቴ ውሃ ወጪ ይጨመርባችኋል።